ጨው የሚመርጣቸው የባሕር ሣር ነዋሪዎች

ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አምባ ላይ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ፣ ነዋሪዋ ባሕሩን የሚያውቀው በአብዛኛው ከበርበራ በበረዶ ተጭኖ በሚመጣላት ዓሣ ነው። 160 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የበርበራ መንገድ ከአምባው ቀስ በቀስ እየወረደ ሶማሌዎች «ጉባን»፣ ማለትም «የተቃጠለ ምድር»፣ ብለው ወደሚጠሩት ሞቃት ሜዳ ይደርሳል፤ ከሜዳው ማዶ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተንጣሎ ይታያል። የሶማሌላንድ ጠረፍ ከጅቡቲ ድንበር አንሥቶ ወደ ምሥራቅ 850 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ ሲሆን፣ ውሃው ጥልቀት በሌለውና ማዕበሉ በማይበረታበት ስፍራ ከሥሩ የባሕር ሣር ይበቅላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሣሩ ራሱ ሳይሆን በሣሩ መካከል የሚኖሩት፣ አብዛኞቹ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ እንስሳት፣ እንዲሁም ከእነርሱ ማን እንደሚኖርና ማን እንደማይኖር የሚወስነው በውሃው ውስጥ ያለው የጨው መጠን ነው።

የባሕር ሣር ብዙ ጊዜ ከባሕር አረም ጋር ይምታታል። የባሕር አረም እውነተኛ ሥርና አበባ የሌለው ዋቅላሚ ሲሆን፣ የባሕር ሣር ግን ሥር፣ ቅጠል፣ አበባና ዘር ያለው፣ ቅድመ አያቶቹ በየብስ ከኖሩ በኋላ ወደ ባሕር የተመለሱ ሙሉ ተክል ነው፤ ስሙ ሣር ይባል እንጂ ከጤፍና ከስንዴ ወገን አይቆጠርም። በዓለም ላይ ከሚታወቁት 70 ያህል ዝርያዎች መካከል 12 የሚሆኑት በቀይ ባሕር ይገኛሉ። በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ቁጥሩ ያንሳል፤ ከእነዚህም መካከል ቅጠሉ ሞላላ የሆነው ሃሎፊላ ኦቫሊስ፣ እንደ ክር ቀጭን የሆነው ሃሎዱሌ ኡኒነርቪስ፣ እንዲሁም እንደ ጥብጣብ ሰፋ ያለው ታላሲያ ሄምፕሪኪ በዚህ የዓለም ክፍል የተለመዱ ናቸው። በደቡብ ሶማሊያ ጠረፍ ሣሩ ሰፋፊ መስክ ሲሠራ፣ በሰሜኑ ጠረፍ ግን እዚህም እዚያም እንደ ተጣለ ምንጣፍ ቁርጥራጭ ሆኖ ይታያል። በዘይላ ፊት ለፊት ያሉት የሰዓድ ዲን ደሴቶችና አካባቢያቸው፣ የማንግሮቭ ዛፍና የኮራል አለት ስላላቸው፣ ከዚህ ጠረፍ ሁሉ የላቀ የባሕር ሕይወት አለባቸው ከሚባሉት ቦታዎች ይመደባሉ። በነገራችን ላይ ደሴቶቹ የተሰየሙት በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ጦር ጋር ሲዋጉ በዚያ በሞቱት በኢፋቱ ሱልጣን በሰዓድ አድ-ዲን ስም ነው፤ የአማርኛ አንባቢ ስፍራውን በታሪክ መጻሕፍት ያውቀዋል፣ በሥነ ሕይወት ግን እምብዛም አያውቀውም።

ከሣሩ ሥር አንድ እፍኝ ደለል ተዝቆ፣ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት ላይ በባሕር ውሃ ሲታጠብ፣ ጭቃውና ደቃቁ አሸዋ ወርዶ ያልቅና በወንፊቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ይቀራል። በመጀመሪያ ዓይን የሚይዘው አምፊፖድ የተባለው ፍጥረት ነው። አምፊፖድ የሽሪምፕ ዘመድ ሲሆን፣ ጎንና ጎኑ እንደ ተጨመቀ ሆኖ፣ ጀርባው እንደ ማጭድ ጎብጦ፣ በጎኑ እየተንፈራገጠ ይሄዳል፤ እናቲቱ እንቁላሎቿን በሆዷ ሥር ባለ ከረጢት ተሸክማ እስኪፈለፈሉ ድረስ ንጹሕ ውሃ በእግሮቿ ታራግብላቸዋለች። ከእርሱ ቀጥሎ በጎንና በጎናቸው የጭገር ረድፍ ያላቸው ፖሊኪት የተባሉ ትሎች፣ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ቀንድ አውጣዎች፣ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች፣ ትንንሽ ሸርጣኖች፣ አንዳንዴም ክንዶቹ እንደ እባብ የሚተጣጠፉ ደቃቅ የባሕር ኮከብ ይገኛል። በወንፊቱ አልፎ የወረደው ጭቃ ደግሞ ባዶ አይደለም፤ ቀዳዳው 0.063 ሚሊ ሜትር በሆነ ሌላ ወንፊት ሲያዝ ኔማቶድ የተባሉ ድቡልቡል ትሎችና ኮፔፖድ የተባሉ ደቃቅ የሽሪምፕ ዘመዶች በማጉያ መነጽር ሥር ይተራመሳሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድነት ኢ-ደንደሴ፣ ማለትም አከርካሪ አጥንት የሌላቸው እንስሳት፣ ይባላሉ።

የእነዚህ ፍጥረታት ሥራ እንደ መጠናቸው ትንሽ አይደለም። በሣሩ ቅጠል ላይ ሳያቋርጥ የሚበቅል ዋቅላሚ አለ፤ አምፊፖዱና ቀንድ አውጣው ያንን እየፋቁ ካልበሉት ቅጠሉ ብርሃን ተጋርዶበት ይጠወልጋል። ትሎቹ ደለሉን ሲቆፍሩ ወደ ሥሩ አየር ያስገባሉ። የዓሣና የትልልቅ ሽሪምፖች ጫጩቶችም በሣሩ ውስጥ ተደብቀው የሚያድጉት እነዚህኑ እየለቀሙ ስለሆነ፣ በሐርጌሳ ምግብ ቤት ሳህን ላይ ከሚቀርበው ዓሣ ጥቂት የማይባለው በሕይወቱ መጀመሪያ የአምፊፖድ ባለ ዕዳ የነበረ ነው።

ወደ ጨው ስንመለስ፣ ጨዋማነት ማለት በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ ውስጥ የሟሟው ጨው ስንት ግራም እንደሆነ የሚገልጽ ልክ ነው። የውቅያኖስ ውሃ አማካይ ልክ 35 ግራም ያህል ሲሆን፣ ይህም በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው እንደ ማሟሟት ነው። ልኩ በእንስሳ ሰውነት ላይ የሚያመጣውን ነገር ማንኛውም ወጥ ቤት የገባ ሰው በሁለት መንገድ ዓይቶታል። ሽምብራ በንጹሕ ውሃ ተነክሮ ሲያድር ውሃ ስቦ ያብጣል፤ ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ ጨው ሲነሰነስበት ግን ውሃውን አውጥቶ ይኮማተራል። ውሃ ጨው ካነሰበት ወገን ጨው ወደ በዛበት ወገን በስስ ገለፈት አልፎ የመሄድ ጠባይ ስላለው ነው፤ በሳይንስ ቋንቋ ይህ ኦስሞሲስ ይባላል። እንግዲህ ቆዳው ውሃ የሚያሳልፍ አንድ ትል የሚኖርበት ባሕር በድንገት ቢቀጥን እንደ ሽምብራው ያብጣል፣ ቢወፍር እንደ ቋንጣው ይደርቃል።

ይህን አደጋ እንስሳት የሚመልሱት በሁለት ዓይነት ብልሃት ነው። አንደኛዎቹ ለውጡን አይታገሉትም፤ የሰውነታቸው ፈሳሽ ከውጪው ውሃ ጋር አብሮ ይቀጥናል፣ አብሮም ይወፍራል፣ ሕዋሶቻቸው ብቻ በውስጣቸው ያለውን የአሚኖ አሲድ መጠን በማብዛትና በመቀነስ እንዳይፈነዱና እንዳይኮማተሩ ያደርጋሉ። የባሕር ኮከብ፣ የባሕር ጃርት፣ አብዛኞቹ ዛጎሎችና ብዙዎቹ ትሎች በዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛዎቹ ግን ውጪው ቢለዋወጥም ውስጣቸውን ለመጠበቅ በስንጥባቸው በኩል ጨው ያስገባሉ፣ ወይም ያስወጣሉ፤ ብዙ ሸርጣኖችና አምፊፖዶች እንዲህ ያደርጋሉ። ሁለተኛው መንገድ የበለጠ አስተማማኝ ይምሰል እንጂ ዋጋው ከባድ ነው፤ ጨው ለመቅዳት የዋለው ጉልበት ለማደግና ለመራባት ከሚውለው ላይ ስለሚቀነስ፣ ልኩ በማይስማማው ውሃ ውስጥ የምትኖር አምፊፖድ በሕይወት ብትቆይም ሰውነቷ ያንሳል፣ የምትሸከመው እንቁላልም ይቀንሳል። ስለዚህ ጨው ሳይገድል ማኅበረሰቡን ሊያመናምን ይችላል። ከሁሉም ይልቅ የሚጎዱት ደግሞ ገና የተፈለፈሉት ናቸው፤ አዋቂው የሚችለውን የጨው ለውጥ እጩ ብዙ ጊዜ አይችለውም።

ከሁለቱ ብልሃቶች ሌላ መሸሸግም አለ። ዛጎል ሁለቱን ክዳኖቹን ገጥሞ ለቀናት መጠበቅ ይችላል። ትል ደግሞ ወደ ደለሉ ጠልቆ ይገባል፤ በደለሉ ቅንጣቶች መካከል ያለው ውሃ ከላይ ካለው ጋር የሚቀላቀለው በዝግታ ስለሆነ፣ ከላይ የዝናብ ጎርፍ እያለፈ ከሥር የትናንቱ ጨው ይቆያል። በቅጠሉ ላይ የሚኖሩት አምፊፖዶችና ቀንድ አውጣዎች ግን እንዲህ ያለ ጓዳ የላቸውም። በአንድ መስክ፣ በአንድ ጎርፍ፣ ፎቅ ላይ ያሉት ሞተው ምድር ቤት ያሉት የሚተርፉት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ የሚከተለው፣ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባል ነገር፣ ለእነዚህ እንስሳት ወሳኙ የጨው መብዛት ወይም ማነስ ብቻ ሳይሆን የልኩ መዋዠቅ መሆኑ ነው፤ 40 ላይ ጸንቶ የሚኖር ባሕር ሌት ተቀን በ20 እና በ36 መካከል ከሚዋልል ወሽመጥ ይልቅ ለብዙ ዝርያ ይመቻል።

ሣሩና ነዋሪው ለጨው ያላቸው ችሎታ እኩል አለመሆኑን ከሁሉ ይልቅ ግልጥ አድርጎ የሚያሳየው በሰሜን አሜሪካ የአትላንቲክ ጠረፍ የደረሰው ነገር ነው። ከላብራዶር እስከ ሎንግ አይላንድ ድረስ ባለው ባሕር ዞስተራ በተባለው የባሕር ሣር ቅጠል ላይ ብቻ ተጣብቆ፣ ያንኑ ቅጠል እየፋቀ የሚኖር፣ ሎቲያ አልቬየስ የተባለ ትንሽ ቀንድ አውጣ ነበር። ዛጎሉ ከቅጠሉ ስፋት ጋር እንዲገጥም ጠባብና ሞላላ ሆኖ የተሠራ ነበር፤ ሌላ ቤት፣ ሌላ ምግብ አያውቅም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ላቢሪንቱላ የተባለ ደቃቅ ተሐዋሲ ያመጣው በሽታ በሰሜን አትላንቲክ የነበረውን የዞስተራ መስክ አብዛኛውን አጠፋው። ሣሩ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ተሐዋሲው ጨው ባነሰበት ውሃ ስለማይበረታ፣ ወንዝ በሚገባባቸው ወሽመጦች የነበረው ሣር ተርፎ ከዚያ እንደገና ተስፋፋ። ቀንድ አውጣው ግን የሚችለው የሙሉ ባሕርን ጨው ብቻ ስለነበረ ሣሩን ተከትሎ ወደ ቀጠነው ውሃ ሊገባ አልቻለም። ሣሩ ተመለሰ፣ ቀንድ አውጣው አልተመለሰም። በ1991 ጉዳዩን በዝርዝር ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ በታሪክ ዘመን ከአንድ ውቅያኖስ ተፋሰስ ፈጽሞ እንደጠፋ የተመዘገበ የመጀመሪያው የባሕር ኢ-ደንደሴ እርሱ መሆኑን አስታወቁ። የባሕር ሣር መስክን ደህንነት በሣሩ አረንጓዴነት ብቻ መለካት ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ጨው እየቀጠነ ሲሄድ ማኅበረሰቡ እንዴት እንደሚሳሳ ደግሞ የባልቲክ ባሕር ያሳያል። በዴንማርክ በኩል ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኘው ይህ ባሕር ብዙ ወንዝ ስለሚገባበት፣ ወደ ፊንላንድ በተጠጋ ቁጥር ጨዋማነቱ ከ20 በላይ ተነሥቶ እስከ 5 ድረስ ይወርዳል። ያው የዞስተራ ሣር በሁለቱም ጫፍ ይበቅላል፤ በነዋሪው ዘንድ ግን በምዕራብ ያሉት የባሕር ኮከቦችና የባሕር ጃርቶች በመንገድ ላይ ይቀራሉ፣ የዝርያው ቁጥር ከብዙ መቶዎች ወደ አሥሮች ይወርዳል፣ በሰሜን ባሕር አሥር ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ሰማያዊ ዛጎል በሰሜን ባልቲክ በሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቀነጭራል። አዶልፍ ሬማነ የተባሉ ጀርመናዊ የሥነ እንስሳት ሊቅ በ1934 እንዳመለከቱት፣ የዝርያ ቁጥር ከሁሉ የሚያንሰው በንጹሕ ውሃ ወይም በባሕር ውሃ ሳይሆን በሁለቱ መካከል፣ ጨዋማነቱ ከ5 እስከ 8 በሆነው ውሃ ነው፤ ለባሕሩ እንስሳ እጅግ የቀጠነ፣ ለወንዙ እንስሳ እጅግ የወፈረ በመሆኑ ሁለቱም ወገን የሚሸሹት ልክ ነው። ሣሩም ቢሆን በዚያ ጫፍ ዘር የሚሰጠው እምብዛም ሆኖ በአብዛኛው በሥሩ እየተሳበ ይባዛል፤ በፊንላንድ ጠረፍ የሚገኝ አንድ ተክል እንዲህ እየተሳበ 1,400 ዓመት ያህል መኖሩ በ2024 በወጣ የዘረ መል ጥናት ተገምቷል።

በተቃራኒው ጫፍ የምዕራብ አውስትራሊያው ሻርክ ቤይ አለ። በዚያ የባሕር ሣሩ ለሺህ ዓመታት አሸዋ እየያዘ ከባሕር በታች ግድብ የሚመስል ጉብታ ስለሠራ፣ ከጉብታው በስተጀርባ ያለው ሃምሊን የተባለው ወሽመጥ ከውቅያኖሱ ጋር በነጻነት መቀላቀል ተስኖት፣ ፀሐይ እያተነነችው ጨዋማነቱ የውቅያኖሱን እጥፍ ሆነ። እንደዚያ ባለ ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች መኖር አልቻሉም፤ እነርሱ በሌላ ቦታ ፍቀው የሚያጠፉት የጥቃቅን ሕዋሳት ምንጣፍ ግን ጠላት በማጣቱ ድንጋይ እስኪሆን ድረስ አደገ፤ ስትሮማቶላይት የሚባሉት፣ በምድር ላይ ከታወቁት ጥንታዊ የሕይወት አሻራዎች ጋር የሚመሳሰሉት ድንጋዮች እስከ ዛሬ በዚያ እየበቀሉ ይገኛሉ። ከዛጎሎችም ከአንድ ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማትበልጥ አንዲት ነጭ ዛጎል ብቻ ውሃውን ስለቻለችውና የሚበሏት ስላልቻሉት ተባዝታ፣ ባዶ ልብሷ ሜትሮች ጥልቀት ያለው ረጅም የባሕር ዳርቻ ሠርቷል፤ የደነደነው የዛጎል ክምር እንደ ጡብ እየተቆረጠ ቤት ተሠርቶበታል። ጨው ዝርያን ሲቀንስ ሕይወትን ሁልጊዜ ይቀንሳል ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ ብዙዎችን አባርሮ ለጥቂቶች ርስት የሚሰጥበትም ጊዜ አለ።

የኤደን ባሕረ ሰላጤ ከሁለቱም ጫፎች የራቀ ነው። የላይኛው ውሃ ጨዋማነት 36 ገደማ ሆኖ ከዓመት እስከ ዓመት ብዙ አይለዋወጥም። ጎረቤቱ ቀይ ባሕር ግን አንድም ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ሳይገባበት በየዓመቱ ሁለት ሜትር ያህል ውሃ በትነት ስለሚያጣ፣ ጨዋማነቱ ከባብ ኤል መንደብ ወደ ሰሜን እየጨመረ ሄዶ በጫፉ 40 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በጠባቡ ቦታ ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው በባብ ኤል መንደብ በኩል የኤደን ውሃ ከላይ ወደ ቀይ ባሕር ሲገባ፣ የወፈረውና የከበደው የቀይ ባሕር ውሃ በበኩሉ ከሥር ወጥቶ ወደ ባሕረ ሰላጤው ጥልቅ ይወርዳል፤ ሣሩ በሚበቅልበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ግን ይህ ከባድ ውሃ አይደርስም። በሩ ቢዘጋ ምን ይሆን እንደነበረ አፋር ያሳያል። የቀይ ባሕር ክንድ የነበረው የዳናኪል ቆላ ከተቆረጠ በኋላ ባሕሩ ተንኖ፣ ኮራሉ በዳርቻው ድንጋይ ሆኖ ቀርቶ፣ ጨው ብቻ ተነጥፎ ቀረ፤ ለብዙ መቶ ዘመናት በኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌ የሚቆረጠው ከዚያ ነበር።

ጨው በባሕር እንስሳት መካከል እንደ አጥር ሆኖ በሚቆምበት ታሪክ ውስጥ ዓባይም ስፍራ አለው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ የቀይ ባሕር ፍጥረታት ወደ ሜድትራንያን እንዳይሻገሩ ሁለት የጨው አጥሮች ከልክለዋቸው ነበር። አንደኛው በቦዩ መካከል ያሉት መራራ ሐይቆች ሲሆኑ፣ ከሥራቸው የነበረው የጨው ንጣፍ እየሟሟ ውሃቸውን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባሕር ውሃ እጥፍ በሚጠጋ አወፈረው፤ ንጣፉ ሟምቶ እያለቀ ሲሄድ ግን ልኩ ወረደ። ሁለተኛው በቦዩ ሰሜናዊ አፍ ፊት ለፊት የሚተኛው የዓባይ ጎርፍ ነበር። በኢትዮጵያ ደጋ በክረምት የዘነበው ዝናብ ከነሐሴ ጀምሮ ወደ ግብፅ ደርሶ በባሕሩ ላይ የቀጠነ ውሃ ሲዘረጋ፣ 40 የለመደው የቀይ ባሕር እንስሳ ከዚያ ሲደርስ ይመለስ ነበር። የአስዋን ታላቅ ግድብ በ1964 ጎርፉን መያዝ ሲጀምር ይህ አጥር ፈረሰ። ጎርፉ ይዞት ይመጣ የነበረው ለም ደለልና ምግብም አብሮ ስለቀረ፣ በ1962 ወደ 18,000 ቶን ደርሶ የነበረው የግብፅ የሰርዲን ዓሣ ምርት በጥቂት ዓመታት ከ1,000 ቶን በታች ወረደ፤ በዚህኛው ጥፋት ተጠያቂው ከጨው ይልቅ የምግብ እጥረት ቢሆንም። ሃሎፊላ ስቲፑላሲያ የተባለው የቀይ ባሕርና የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ሣር ግን ሰፊ የጨው ልክ መቻል ስለተሰጠው አጥሩ እስኪፈርስ አልጠበቀም፤ ገና በ1890ዎቹ በሜድትራንያን ታይቷል፣ በ2002 ደግሞ በካሪቢያን ባሕር ተገኝቷል። ሣሩ አጥር ሲዘል ነዋሪዎቹ ሁሉ አብረውት አልዘለሉም፤ በደረሰበት ከተቀበሉት መካከል የአገሩ አምፊፖዶችና ትሎች ይገኛሉ።

የበርበራና የዘይላ ሣር ችግር ወደ ፊት ከጨው ልክ ይልቅ ከመዋዠቁ የሚመጣ ይመስላል። በርበራ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በሐጋ ወራት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ስለሚወጣ የቻለ ነዋሪ ወደ ሐርጌሳና ወደ ሼክ ደጋ ይሸሻል። ሣሩ የሚሸሽበት ደጋ የለውም። ከአሸዋ ጉብታ በስተጀርባ ባሉ ጥልቀት በሌላቸው ወሽመጦች ውሃው በዚህ ወቅት እየተነነ ይወፍራል። ከዚያም በጎሊስ ተራሮች ላይ ጉ ወይም ዴር የሚባሉት ወቅቶች ዝናብ ሲጥል፣ አለዚያም በብርዱ ወራት በጠረፉ ላይ ሐይስ የሚባለው ዝናብ ሲወርድ፣ ሶማሌዎች ቶግ የሚሉት፣ ዓመቱን አብዛኛውን ደርቆ የሚከርመው የአሸዋ ወንዝ በሰዓታት ውስጥ ሞልቶ ወደ ባሕር ይደፋል። የሐርጌሳ ነዋሪ ከተማውን ለሁለት የሚከፍለውን የማሮዲ ጄህን ቶግ ስለሚያውቅ፣ ጠዋት አሸዋ የነበረው ከሰዓት በኋላ እንዴት መኪና እንደሚወስድ ለማስረዳት ምሳሌ አያስፈልገውም።

ቶጉ ባሕሩ ሲደርስ ጣፋጩ ውሃ ከጨዋማው ስለሚቀልል እንደ ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ አምስትና ስድስት ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ሣር ብርሃኑ በጭቃ ከመጋረዱ በቀር ብዙም አይነካም፤ ባሕሩ ሲሸሽ እስከ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ የሚቀረው ግን በጎርፉ ውስጥ ይጠመቃል። በዚያ የሚከተለው ለውጥ በብዙ የዓለም ክፍሎች የታየ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ የባሕር ጃርትና የባሕር ኮከብ ይሞታሉ፣ ወይም ይሸሻሉ፤ ከዚያ የቅጠሉ አምፊፖዶች ይመናመናሉ፤ በባዶው ቤት ደግሞ ቶሎ የሚባዙ፣ ለምግብም ለውሃም የማይመርጡ ትንንሽ ትሎች ይገቡና ለጥቂት ወራት ብቻቸውን ይገዛሉ። ከአጎራባች መስክ እጭ በሞገድ እየተጓዘ ሲመጣ ማኅበረሰቡ ይመለሳል። በሰሜኑ ጠረፍ ሣሩ ተበጣጥሶ የሚገኝ መሆኑ አሳሳቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ አጎራባቹ መስክ በሩቅ ከሆነ እጩ ሳይደርስ ይቀራል።

ሳጋር የተባለው ዐውሎ ነፋስ ግንቦት 19 ቀን 2018 (ያውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ አይዘንጋ) በሶማሌላንድ ጠረፍ በምዕራቡ በኩል ወደ የብስ ሲገባ፣ ለዓመት የሚበቃ ዝናብ በአንድና በሁለት ቀን በአውዳል ክልል ላይ አወረደ። በሉግሃያና በባኪ ወረዳዎች ብዙ ሰው ሞተ፣ ከብት አለቀ፣ እርሻና መንገድ ተጠረገ። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ እስከዚያ ድረስ ወደ ምዕራብ ዘልቆ የመጣ ዐውሎ ነፋስ እምብዛም አይታወቅም ነበር። የሞተው ሰውና ከብት በተቆጠረ ማግስት አምፊፖድ ይቆጠር ማለት ለሰሚ ቀልድ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ውሃ የደረሰው ባሕር ላይ ነው፣ በባሕሩ የሚተዳደረው የሉግሃያና የዘይላ ዓሣ አጥማጅም ያጣውን ከብት ሊተካ የሚያስበው ከዚያው ነው።

ከሰማይ ከሚመጣው ሌላ የሰው እጅም አለ። ባሕርን አጣርቶ የመጠጥ ውሃ የሚያደርግ ፋብሪካ ጨውን አውጥቶ የሚጥለው ወደዚያው ባሕር ስለሆነ፣ የወፈረው ተረፈ ውሃ ከተራው የባሕር ውሃ ስለሚከብድ ከሥር ተንሸራትቶ በደለሉ ላይ ይተኛል፤ የቶጉ ጎርፍ ያልነካቸውን የምድር ቤት ነዋሪዎች የሚያገኛቸው ይህኛው ነው። ጅቡቲ በ2021 በዶራሌ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ውሃ የሚያጣራ ፋብሪካ አስመርቃለች። በዚያው ዓመት አዲስ የኮንቴይነር ማረፊያ የከፈተችው በርበራም እያደገች ስትሄድ ውሃ መፈለጓ አይቀርም፤ ለእንዲህ ያለው ፋብሪካ ቦታ ሲመረጥ ተረፈ ውሃውን ሣር ወደሌለበትና ሞገድ ወደሚበረታበት ጥልቀት መስደድ የሚያስቸግር ምሕንድስና አይደለም፣ በቅድሚያ ሣሩ የት እንዳለ ማወቅን ግን ይጠይቃል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። ሪፍራክቶሜትር የሚባለው የጨው መለኪያ ከእስክሪብቶ እምብዛም የማይረዝም ቱቦ ሲሆን፣ በጫፉ ባለው መስተዋት ላይ አንድ የባሕር ውሃ ጠብታ ተደርጎ ወደ ብርሃን ሲቀና፣ በውስጡ ሰማያዊውና ነጩ በሚገናኙበት መስመር ላይ ልኩ ይነበባል። ከእርሱ ጋር ሁለት ወንፊት፣ አልኮል ያለበት ብልቃጥና ማጉያ መነጽር ቢኖር፣ በ2000 የተመሠረተው የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በቦረማ ያለው የአሙድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ልኮ በበርበራና በዘይላ ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎች በሐጋ፣ በዴር፣ በሐይስና በጉ ወቅት ውሃውንም ነዋሪውንም ሊመዘግብ ይችላል። የባሕር ሣርን ካርታ ከሳተላይት ማንሣት ዛሬ ቀላል ሆኗል፤ ሳተላይት ግን የሚያየው ሣሩን ብቻ ነው። የጉ ዝናብ ሚያዝያ ላይ ይገባል፤ ከዚያ በፊት ያለው ልክ ካልተያዘ፣ ከዚያ በኋላ የሚያዘው ማነጻጸሪያ አይኖረውም።